ራሱን የሚፈታ ማሰሪያ
ሕያው ሕብረ ሕዋስ በአጥንትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ለሚተከሉ ፈራሽ መያዣዎች የሚሰጠው ምላሽ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የተሰበረ ሞፈር የሚጠገንበት መንገድ ለገጠር ልጅ እንግዳ አይደለም። በስብራቱ ላይ እርጥብ ጠፍር ይጠመጠማል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ እየጠበቀ ይሄድና እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሞፈሩም ወደ እርሻው ይመለሳል። ይሁን እንጂ ያ ጠፍር ሞፈሩ እስኪጣል ድረስ አይፈታም። ቢፈታ ስብራቱ ያንኑ ዕለት ይለያያል። ተቆርጦ የደረቀ እንጨት ሕይወት ስለሌለው የተሰበረበትን ቦታ ከውስጥ የሚሞላበት አቅም የለውም።

የዚያው ገበሬ እግር ሲሰበር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወጌሻው ቀርከሃ ወይም መቃ ሰንጥቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የተሰበረውን ቦታ አቃንቶ ያስረዋል፤ ከሳምንታት በኋላም ማሰሪያውን ፈትቶ ይጥለዋል። ማሰሪያው ጊዜያዊ የሆነው አጥንት ሕያው ሕብረ ሕዋስ ስለሆነ ነው። ማሰሪያ አጥንትን አይጠግንም፤ አጥንት ራሱን እስኪጠግን ድረስ ቦታውን ይጠብቅለታል እንጂ።

ዘመናዊው የአጥንት ቀዶ ሕክምና ይህንኑ ማሰሪያ ከቆዳ በታች አስገብቶታል። ዝርግ ብረት፣ ብሎን፣ ሽቦና ረዥም ሚስማር በቀጥታ በአጥንቱ ላይ ወይም በቅልጥሙ ውስጥ ይተከላሉ። ጥቅሙ ከፍተኛ ነው፤ የተሰበረው ጫፍ በትክክል ይገጥማል፣ ሕመምተኛውም ቶሎ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ አጥንቱ ሲድን ብረቱን ማን ይፈታዋል? በብዙ አዋቂዎች ብረቱ እዚያው ይቀራል። የሚያሳምም፣ ቆዳን የሚገፋ ወይም በልጅ የአጥንት ማደጊያ አጠገብ የተተከለ ከሆነ ግን በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና መውጣት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ለአዲስ አበባ ነዋሪ የአንድ ቀን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከጉና ተራራ ዙሪያ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች በሚወርደው ገደላማ አገር ለሚኖር ሰው ግን እንዲህ አይደለም። ከስማዳ ቆላ ቀበሌዎች ተነሥቶ ወገዳ ለመድረስ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ለመዝለቅ ሕመምተኛው የትራንስፖርት፣ የአስታማሚና የማደሪያ ወጪ አለበት፤ የእርሻ ወቅትም ይባክንበታል። ነፋስ መውጫ ቻይናውያን በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ በመገኘቷ የላይ ጋይንት ሰው ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ከዋናው መንገድ የራቀው ግን መጀመሪያ በቃሬዛ ወይም በበቅሎ መምጣት ግድ ይለዋል። እንግዲህ አጥንቱ ሲድን ከውስጥ ራሱን የሚፈታ ማሰሪያ ቢገኝ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ሰው ይመስላል። ይህ ጽሑፍ «ይመስላል» የተባለበትን ምክንያት ለማስረዳት የቀረበ ነው። ሕያው ሕብረ ሕዋስ ወደ ውስጡ የገባን ነገር ዝም ብሎ አይመለከትምና፣ መልሱ የሚገኘው በሕዋሳት ባሕርይ ውስጥ ነው።

አጥንት እንዴት ይጠገናል?

አጥንት በተሰበረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተበጠሱት የደም ሥሮች የፈሰሰው ደም በስብራቱ ዙሪያ ይረጋል። ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ፤ የሞተውን ሕብረ ሕዋስ ይጠርጋሉ፤ ለሌሎች ሕዋሳትም ኬሚካዊ ጥሪ ያሰማሉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ክፍተቱ በቃጫማ ሕብረ ሕዋስና በልም አጥንት ይሞላል። ይህ ለስላሳ ጥገና ቀስ በቀስ በካልሲየም ፎስፌት እየጠነከረ ወደ ሸካራ አጥንት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚወስደው ማስተካከያ ይቀጥላል፤ አጥንት በል ሕዋሳት ትርፉን ይቦረቡራሉ፣ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት በጎደለው ይገነባሉ።

የዚህን ማስተካከያ ሕግ ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል፤ አጥንት ሸክም ባገኘበት ይጠነክራል፣ ሸክም በተነፈገበት ይሳሳል። የብረት መያዣ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው። የማይዝግ ብረት ግትርነቱ 200 ጊጋፓስካል ገደማ ሲሆን የቲታኒየም 110 ያህል ነው፤ የአጥንት ጠንካራ ቅርፊት ግን ከ10 እስከ 30 ባለው መካከል ይገኛል። ጎን ለጎን ሲታሰሩ ሸክሙን የሚወስደው ግትሩ ነው። ከብረቱ ሥር ያለው አጥንት ሥራ ፈት ይሆንና ይሳሳል።

ስለዚህ የሚፈለገው ፍጹም መያዣ በመጀመሪያው ሳምንት ሸክሙን ሁሉ የሚሸከም፣ አጥንቱ በጠነከረ ቁጥር ደግሞ እርሱ እየደከመ ሸክሙን ለአጥንቱ የሚያስረክብ፣ በመጨረሻም የሚጠፋ ነው። ይህንን በወረቀት ላይ ሁለት ተቃራኒ መስመሮች አድርጎ መሣል ቀላል ነው። በሕያው አካል ውስጥ ሁለቱን መስመሮች በትክክለኛው ሳምንት ማገናኘት ግን የስልሳ ዓመታት ምርምር ያልጨረሰው ሥራ ሆኗል።

ከበገና ክር እስከ ሄልሲንኪ

በሰውነት ውስጥ የሚጠፋ ነገር መትከል አዲስ ሐሳብ አይደለም። የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ አንባቢ ያውቃል። ካትገት የሚባለው የቀዶ ሕክምና ክርም የሚሠራው ከዚያው ከእንስሳት አንጀት ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ይህን ክር በካርቦሊክ አሲድ ከተሕዋስያን አንጽቶ የደም ሥር ለማሰር ተጠቅሞበታል። አንጀት የኮላጅን ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነት እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ ይህም የሚሆነው ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ክሩ ጎርፈው ኢንዛይሞቻቸውን ሲያፈስሱበት ነው። ስለዚህ ካትገት ባለበት ቦታ ሁሉ ብግነት አለ።

ኬሚስቶች የፈለጉት ያለ ሕዋሳት ጦርነት በውኃ ብቻ የሚፈርስ ነገር ነበር፤ ያገኙትም ሁለት ቀላል ፖሊመሮችን ነው። አንደኛው ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቀዶ ሕክምና ክርነት በሰፊው አገልግሏል። ሁለተኛው ፖሊላክቲክ አሲድ ነው፤ ኩልካርኒና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንስሳት ላይ ሞክረው ለቀዶ ሕክምና ተስማሚ መሆኑን አሳውቀዋል። ላክቲክ አሲድ ማለት እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ ስንሮጥም በጡንቻችን ውስጥ የሚጠራቀመው ያው አሲድ ነው።

ከክር ወደ ሚስማር ለመሻገር ግን ጥንካሬ ጎደለ። ተራው ፖሊመር ግትርነቱ ጥቂት ጊጋፓስካል ብቻ በመሆኑ የአጥንትን ሸክም አይችልም። በፊንላንድ የታምፔሬው የቁስ ሳይንስ ተመራማሪ ፔርቲ ቶርማላ መፍትሔ አገኘ። የፖሊመሩን ቃጫዎች በዚያው ፖሊመር ውስጥ አቅጣጫ አስይዞ በመቅበር ራሱን በራሱ ያጠናከረ ዘንግ ሠራ። የሄልሲንኪው የአጥንት ሐኪም ፔንቲ ሮካነንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በእነዚህ ዘንጎች የቁርጭምጭሚት ስብራትን ማሰር ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ውጤታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1985 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ስብራቱ ዳነ፤ ብረት ለማውጣት የተመለሰ ሰው አልነበረም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኬሚስትሪው መግባት ያስፈልጋል።

መሟሟት ወይስ መፈራረስ?

ብዙዎች እነዚህን መያዣዎች «የሚሟሙ» ይሏቸዋል። ቃሉ ያሳስታል። ጨው በውኃ ሲሟሟ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተላጠ ያልቃል፤ ፖሊመር ግን እንዲህ አይጠፋም። ረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ በኤስተር ማያያዣዎች የተቀጣጠሉ ናቸው፤ ውኃ ወደ መያዣው ውስጥ ዘልቆ እነዚህን ማያያዣዎች አንድ በአንድ ይቆርጣቸዋል። ሃይድሮሊሲስ ይባላል። በመጀመሪያ የሰንሰለቶቹ ርዝመት ያጥራል፤ በዓይን ግን አንዳች ለውጥ አይታይም። ቀጥሎ ጥንካሬው ይወድቃል፤ ክብደቱ ግን እንዳለ ነው። በመጨረሻ ቁርጥራጮቹ በውኃ ለመሟሟት እስኪበቁ ሲያጥሩ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እንግዲህ መያዣው ሥራውን ካቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላም አካሉ በቦታው አለ ማለት ነው።

ጊዜው እንደ ፖሊመሩ ይለያያል። ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጥንካሬውን ያጣል፤ በአንድ ዓመት ውስጥም ይጠፋል። ፖሊላክቲክ አሲድ በእያንዳንዱ አሃዱ ላይ አንድ ተጨማሪ የሚታይል ቡድን አለው፤ ይህ ቡድን ውኃን ስለሚገፋ ፍርሰቱ ይዘገያል። ጥንካሬውን ለወራት ይጠብቃል፤ ጨርሶ እስኪጠፋ ግን ሁለት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመታት ይፈጃል። ሁለቱን በተለያየ መጠን በማዋሐድ መካከለኛ ጊዜ ይገኛል።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። እያንዳንዱ የተቆረጠ ማያያዣ አንድ አዲስ የአሲድ ጫፍ ይፈጥራል፤ አሲድ ደግሞ መቆረጡን ያፋጥናል። በመያዣው ወለል ላይ ያለው አሲድ በሰውነት ፈሳሽ ይታጠባል፤ በውስጡ ያለው ግን መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። በመሆኑም ወፍራም ብሎን ከቀጭኑ ይልቅ በውስጡ ፈጥኖ ሊበሰብስ ይችላል፤ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅም የታቈረው አሲድ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በቤተ ሙከራ ይህንን ማየት ለሚፈልግ ተማሪ መንገዱ ቅርብ ነው፤ በሦስት አውታር ማተሚያ መሣሪያዎች የሚሠራበት የተለመደው ፕላስቲክ ያው ፖሊላክቲክ አሲድ ነው። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ በፎስፌት ውሁድ ውስጥ ጥቂት ስባሪ ጨምሮ በየወሩ መመዘን ይበቃል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

የአሲዱ ጠቅላላ መጠን ሰውነትን አይመርዝም። የአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት በየቀኑ ከ100 ግራም በላይ ላክቲክ አሲድ ያመርታል፤ ያመረተውንም ያቃጥላል። አንድ ትንሽ ብሎን ግን አንድ ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ እርሱም በወራትና በዓመታት ተከፋፍሎ የሚለቀቅ። ላክቲክ አሲድ ወደ ፓይሩቬት ይለወጥና በክሬብስ ዑደት ገብቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይሆናል፤ በትንፋሽና በሽንት ይወጣል። ግላይኮሊክ አሲድም በአብዛኛው በአሚኖ አሲዶች በኩል ዞሮ እዚያው ዑደት ውስጥ ይገባል። ችግሩ ያለው አሲዱና ቁርጥራጩ በሚለቀቁበት ጠባብ ቦታ ነው፤ እዚያ ያለው ሕብረ ሕዋስ ጠርጎ የማስወገድ አቅሙ የተወሰነ ነውና።

ሕዋሳት ባዕዱን ሲያገኙት

መያዣው አጥንት ውስጥ በገባ በሰከንዶች ውስጥ የደም ፕሮቲኖች ወለሉን ይሸፍኑታል። ፋይብሪኖጅን፣ ፋይብሮኔክቲንና ሌሎችም ተደራርበው ይለጠፉበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሕዋስ ሁሉ የሚነካው ይህንን የፕሮቲን ካባ ነው፤ ምላሹም በካባው ዓይነት ይወሰናል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ። ቀጥሎ ሞኖሳይቶች ከደም ሥር ወጥተው ማክሮፋጅ ወደሚባሉት ዋጭ ሕዋሳት ይለወጣሉ።

የማክሮፋጅ ሥራ መዋጥ ነው። ባክቴሪያ ይውጣል፤ የሞተ ሕዋስ ይውጣል፤ ከጥቂት ማይክሮሜትር የማይበልጥ ቅንጣትም ይውጣል። አንድ ሙሉ ብሎን ግን ከእርሱ ሺህ ጊዜ ይበልጣል። መዋጥ ሲያቅተው በወለሉ ላይ ይለጠፍና አሲድና ኢንዛይም ያፈስስበታል፤ ከጎረቤቶቹ ጋርም ተዋሕዶ ብዙ ኒውክሊየስ ያለው ግዙፍ ሕዋስ ይሆናል። ከዚህም ጀርባ ፋይብሮብላስቶች ኮላጅን እየሸመኑ መያዣውን በቃጫማ ሽፋን ይጠቀልሉታል። ይህ ሽፋን ስስ ሆኖ ጸጥ ካለ ሰላም ሆነ ማለት ነው። ቲታኒየም ዕድሜ ልኩን በዚህ ሰላም ይኖራል፤ በብዙ ቦታም አጥንቱ በቀጥታ ይጣበቅበታል።

ለፈራሽ መያዣ ግን ሰላሙ የተኩስ አቁም ያህል ነው። የመጀመሪያው ብግነት ከቀዶ ሕክምናው ጋር መጥቶ ይበርዳል። ቁስሉ ይድናል፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውን ያሰናብታል። ወራት አልፈው መያዣው መሰባበር ሲጀምር ግን ትላንት ሊዋጥ የማይችል የነበረው አካል ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሚዋጡ ቅንጣቶች ይሆናል። ማክሮፋጆች ለሁለተኛ ጊዜ ይጠራሉ፤ ይውጣሉ፤ ከዋጡ በኋላም ብግነት ቀስቃሽ መልእክተኞችን ይለቃሉ። መልእክቱ አጥንት በል ሕዋሳትን ያነሣሣል፤ በመያዣው ዙሪያ ያለው አጥንት ይቦረቦራል። የፍርስራሹ ፍጥነት ከሕብረ ሕዋሱ የመጥረግ አቅም ካልበለጠ ይህ ሁሉ በጸጥታ ያልፋል። ከበለጠ ግን ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፤ አንዳንዴም ይፈነዳና ከመያዣው ፍርስራሽ ጋር የተቀላቀለ ፈሳሽ ይወጣል።

የሄልሲንኪ ሐኪሞች ይህንን ያዩት በራሳቸው ሕመምተኞች ላይ ነበር፤ አለመደበቃቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ቦስትማንና ፒህላያማኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ዘገባ ከ2,528 ሕመምተኞች በ108ቱ፣ ማለትም በ4.3 በመቶው ላይ ተሕዋስያን የሌሉበት ከባድ ብግነት ደርሷል። ከእነዚህ ውስጥ 107ቱ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ከተተከለላቸው 2,037 ሰዎች መካከል ሲሆኑ፣ ፖሊላክቲክ አሲድ ከተተከለላቸው 491 ሰዎች የታመመው አንድ ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ጊዜው ነው። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ በ11ኛው ሳምንት ሲታመሙ፣ ያ አንዱ ሰው የታመመው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከ4.3 ዓመት በኋላ ነበር። በኔዘርላንድ በጉንጭ አጥንት ላይ የፖሊላክቲክ አሲድ ዝርግ መያዣና ብሎን በተተከለላቸው ሰዎች ላይም ከሦስት ዓመት በኋላ እብጠት መታየቱን በርግስማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ዘግበዋል። ሰንሰለቱ አጥሮ እንኳ ጠንካራ የክሪስታል ቅንጣቶች ይቀራሉና።

ምላሹ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የፊንላንዶቹ ጥናት ሦስት ነገሮችን ለይቷል። ደም በደንብ በማይደርስበት አጥንት፣ ለምሳሌ በእጅ አንጓ ውስጥ ባለው ስካፎይድ፣ ምላሹ ይብሳል፤ ፍርስራሹን የሚወስድ የደም ዝውውር አነስተኛ ነውና። የወለል ስፋቱ ከፍተኛ የሆነ ብሎን ከልሙጥ ዘንግ ይልቅ ይቀሰቅሳል። በመያዣው ላይ የተጨመረ ቀለምም አደጋውን ያበዛል። በዚህም ምክንያት የኋላ አምራቾች ቀለሙን ትተዋል፤ ከፖሊመሩም ጋር ትራይካልሲየም ፎስፌት የመሳሰለ የካልሲየም ማዕድን መቀላቀል ጀምረዋል። ማዕድኑ አሲዱን ያለዝበዋል፤ አጥንት ሠሪ ሕዋሳትም መውጫ መሰላል ያገኙበታል።

በመገጣጠሚያ ውስጥ

መገጣጠሚያ የተዘጋ ክፍል ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ በኩል ነው። የክፍሉ ግድግዳ የሆነው ስስ ሽፋን ደግሞ ራሱ የማክሮፋጅ ዘመድ በሆኑ ሕዋሳት የተሞላ ነው። ፍርስራሽ እዚህ ቢገባ መሄጃ የለውም፤ በፈሳሹ ውስጥ እየተንሳፈፈ ግድግዳውን ያስቆጣል፤ ጉልበት ያብጣል። ከዚህም ሌላ የተሰበረ የብሎን ጭንቅላት ወይም ወጣ ያለ የዘንግ ጫፍ ልም አጥንትን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የጉልበትን ልም ትራስ ለመስፋት ይውሉ የነበሩ ፈራሽ ቀስቶች በዚህ ሳቢያ ልም አጥንት መጉዳታቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት ሲተካ አዲሱን ጅማት በአጥንት ቦይ ውስጥ የሚያጣብቁት ፈራሽ ብሎኖችም አገልግሎታቸው ሰፊ ቢሆንም፣ አንዳንዴ ቦዩ እየሰፋ ይሄዳል ወይም ከብሎኑ ፊት የፈሳሽ ከረጢት ይፈጠራል። በተጨማሪም ብሎኑ ጠፋ ማለት በቦታው አጥንት በቀለ ማለት አይደለም፤ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚሞላው በቃጫማ ሕብረ ሕዋስ ነው።

ማግኒዥየም፦ የአሮጌ ሐሳብ መመለስ

ከፖሊመር ውጭ ያለው ሌላው መንገድ የሚዝግ ብረት ሆን ብሎ መትከል ነው። የቤልጅጉ ሐኪም አልባን ላምቦት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአንድ ወጣት የተሰበረ እግር ላይ የማግኒዥየም ዝርግ መያዣ በብረት ሚስማር አሰረ። በስምንተኛው ቀን መያዣው ፈርሶ ከቆዳው ሥር ጋዝ ተጠራቅሞ ተገኘ። ኬሚስትሪ ለተማረ አንባቢ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማግኒዥየም ከውኃ ጋር ሲገናኝ ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድና ሃይድሮጅን ጋዝ ይሰጣል፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨዋማ ፈሳሽ ሲነካኩ ደግሞ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው በፍጥነት ይበላል። ላምቦት በሰው እግር ውስጥ ባትሪ ሠርቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ የነጠሩና በሌሎች ንጥረ ነገሮች የተቀላቀሉ የማግኒዥየም ብሎኖች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የጀርመን ምርት በአውሮፓ ለገበያ ተፈቅዶለታል። ግትርነቱ 45 ጊጋፓስካል ገደማ በመሆኑ ከማይዝግ ብረት ይልቅ ለአጥንት ይቀርባል። ፍርስራሹ አሲድ ሳይሆን ቤዝ ነው፤ ማግኒዥየሙም ሰውነት የሚፈልገውና ከግማሽ የሚበልጠው በአጥንት ውስጥ የሚቀመጥ ማዕድን ነው። የሚቀረው ጋዙ ነው። በራጅ ፊልም ላይ በብሎኑ ዙሪያ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። ነገሩን የማያውቅ ሐኪም ግን ጋዝ የሚፈጥሩ ባክቴሪያዎች ያሉ መስሎት ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ወደ ጋይንት ስንመለስ

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ በቁርጭምጭሚትና በጣት አጥንት መጠን ላሉ ስብራቶች ነው። ለጭን ወይም ለቅልጥም አጥንት ዘንግ የሚበቃ ፈራሽ ሚስማር በሰፊ አገልግሎት ላይ የለም። ከገደል የወደቀ ወይም መኪና የገለበጠው ሰው የሚሰበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ብረት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረተው ሳይን የተባለው ድርጅት በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያ ሳያስፈልግ የሚቆለፍ የብረት ሚስማር ያቀርባል፤ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ይሠራበታል። በእኔ አስተያየት ለስማዳ ሰው እስከ ዛሬ ከማንኛውም ፈራሽ ፖሊመር ይልቅ የጠቀመው እንዲህ ያለው ብረት ነው። ከእርሱም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። አጥብቆ የታሰረ የቀርከሃ ማሰሪያ ደም እየከለከለ እግርን እንደሚያስቆርጥ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ማሰሪያውን ማላላትና ጣቱ የቀዘቀዘ፣ የደነዘዘ ወይም የጠቆረ ሰው በዚያው ቀን እንዲላክ ማድረግ ምንም ኬሚስትሪ አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ ለተወሰኑ ስብራቶች፣ በተለይም ለልጆች ክርንና ቁርጭምጭሚት፣ ፈራሽ መያዣ ሁለተኛውን ጉዞ ያስቀራል። የሚፈጥረው አደጋ ግን ከቦታው ርቀት ጋር የተሳሰረ ነው። በሄልሲንኪ በ11ኛው ሳምንት ያበጠ ቁርጭምጭሚት ወደዚያው የተከለው ሐኪም ይመለሳል። እዚህ ግን ባሕር ዳር ላይ ተተክሎለት ወደ ታች ጋይንት የተመለሰ ልጅ ከሦስት ወር ወይም ከአራት ዓመት በኋላ እግሩ አብጦ ፈሳሽ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያየው አርብ ገበያ ያለው የጤና ባለሙያ ነው። ባለሙያው በዚህ አገር የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ የአጥንት መመረዝና የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ እንደመሆኗ ግምቱ ምክንያታዊ ነው። በራጅ ቢያነሣው ፖሊመር በራጅ አይታይም፤ የሚታየው የተቦረቦረ አጥንት ብቻ ነው፤ እርሱም ጥርጣሬውን ያጠናክርለታል። ልጁ ተሕዋስያን ለሌሉበት ቁስል ለወራት መድኃኒት ሊውጥ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ የእውነት የተመረዘ አጥንት «የመያዣው ፍርስራሽ ነው» ተብሎ ችላ ቢባል ጉዳቱ ይብሳል፤ የፈነዳው ቀዳዳም ለባክቴሪያ በር መሆኑ አይቀርም። ሁለቱን የሚለየው ከፈሳሹ ላይ ተወስዶ የሚደረግ የተሕዋስያን ምርመራ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ማክሮፋጆችና ግዙፍ ሕዋሳት የዋጡት የፖሊመር ቅንጣት ከፖላራይዝድ ብርሃን ፊት ያበራል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ባለሙያው በልጁ እግር ውስጥ አንድ ነገር መኖሩን ካወቀ ነው። ጠባሳው ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ ራጁም አይናገርም። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሲወጣ በእናቱ እጅ የሚሰጣት ወረቀት የመያዣውን ዓይነት፣ የተተከለበትን ቦታና ቀን፣ የሚፈርስበትንም ጊዜ በአማርኛ መያዝ ይኖርበታል፤ ፖሊግላይኮሊክ ከሆነ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር፣ ፖሊላክቲክ ከሆነ እስከ አምስተኛው ዓመትና ከዚያም በላይ።